የታጠበችው ባቡር

«ባለቤቱ የት አሉ?» አለ ሰውዬው፣ ገና ጫማውን በር ላይ ሳይጠርግ።

ባለቤቷ አፍንጫው ሥር ተቀምጣለች። ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ለእንግዳ የምታወጣውን ሹራብ ለብሳ፣ ሞዴሏ ባቡር ሳሎኑ ውስጥ ከቆመችበት ሃዲድ አጠገብ ዱካዋ ላይ ተሰይማለች። ሰውዬው ግን ዓይኑን በአናቷ ላይ አሻግሮ ወደ ጓዳው ላከ፣ ወደ ኮሪደሩ ላከ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት ሳይቀር ጎበኘ፤ እሷ ጋ ሲደርስ እንደ ወንበር አለፋት።

የመጣው ከባቡር ወዳጆች ማኅበር ነው። ማኅበሩ መጽሔት አለው፤ መጽሔቱ ላይ ደግሞ ሞዴል ባቡር ያላቸው ሰዎች ስለ ባቡራቸው የሚሰማቸውን የሚናገሩበት ገጽ አለ። ይህን የነገራት የልጇ ባል፣ አማቿ ነው። ከነገራት ጀምሮ የምትለውን በሆዷ ስታሰናዳ፣ ስትሽር፣ እንደገና ስታሰናዳ ነበር የሰነበተችው።

«ባለቤቷ እሳቸው ናቸው፤» አለ አማቿ ወደ ዱካው እያመለከተ። «እኔ ሠራኋት እንጂ ባቡሪቱ የእሳቸው ናት።»

ሰውዬው ሳቀ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ ያበሸቃትም ይኸው ነው። ሳድግ ጨረቃ ላይ እወጣለሁ ለሚል ሕፃን የሚሳቅ ሳቅ ነው። ጎንበስ አለና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እማማ! ወደዷት?» አላት።

«አትጩህ፤ ጆሮዬ ደህና ነው። እኔ በአንድ ጊዜ የወደድኩት ነገር የለም። የገዛ ልጄን እንኳ መጀመሪያ ሳያት አልወደድኳትም፤ ጩኸታም ነበረች።»

ሰውዬው እንደገና ሳቀ፤ እስክሪብቶውን ግን ወረቀቱ ላይ አላሳረፈም። ከመጤፍም አልቆጠራት። ጀርባውን ሰጥቷት ወደ አማቿ ዞረና በዚያው ቀረ። «ሻይ ይኖር ይሆን?» ያለውም ለአማቿ ነው፤ ልታፈላ የተነሣችው ግን እሷ ናት። ጓዳ ገብታ ማንቆርቆሪያው እስኪንተከተክ ስትጠብቅ፣ ከሳሎን «ግሩም ነው! ይሄስ እጅግ ግሩም ነው!» የሚል ድምፅ ይመጣላት ነበር። ምኑ ግሩም እንደሆነ ተመልሳ ስትመጣ የነገራት የለም። እሷም አልጠየቀችም፤ መጠየቅ አትወድም።

በሠፈሩ ከፊቷ እትዬ፣ ከኋላዋ በረኪና ይሏታል። ታውቃለች። «በረኪናስ ጨርቅ ያነጣል፤ እናንተ ምን ታነጣላችሁ?» ትላቸዋለች። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው፤ ምላሷም አግዟል። በልጅነቷ ቀለም አልቆጠረችም። ዕድሜዋ ያለቀው ሳፋ ላይ ነው። የባቡር መሥሪያ ቤቱን ሠራተኞች ቱታ ታጥብ ነበር፤ ዘይትና ጥላሸት እንደ ሁለተኛ ቆዳ የተጣበቀበትን ቱታ በላምባ አለስልሳ፣ በሳሙና አሽታ፣ ደብድባ፣ ጠምዝዛ፣ ጥንት የነበረውን ሰማያዊ ከውስጡ ታወጣው ነበር።

ባሏንም ያገኘችው እዚያው ነው። ነጂ ነበር። ቱታውን ሊወስድ መጥቶ አገላብጦ አየውና፣ «ይሄ የኔ አይደለም፤ የኔ ጥቁር ነበር፤» አላት።

«ከዛሬ ጀምሮ ሰማያዊ ነው። ካልፈለግህ ተወው።»

አልተወውም። አገባት።

ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኗል። ሐዘኑን ችላዋለች። ያልቻለችው ሌላ ነገር ነው፤ ፊቱ ጠፋባት። በአንድ ቀን አልጠፋም። እጥበት እንደሚደጋገምበት ጨርቅ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ፣ አንድ ቀን ዓይኗን ጨፍና ስትፈልገው የለም። ድምፁ አለ፣ አረማመዱ አለ፣ በር ላይ ሲደርስ የሚስለው ሳል አለ፤ ፊት የለም። ፎቶማ አላት፤ ምን ያደርጋል! ፎቶው ላይ ያለው ጸጉሩ ላም የላሰችው የመሰለ፣ አንገቱ በከረባት የታነቀ፣ ክርኑን በሰው ጠረጴዛ ላይ ያስደገፈ ሰው ነው። «ይሄ የባንክ ጸሐፊ ነው፤ እኔ ያገባሁት ሌላ ነው፤» ትላለች። ልጇ ትስቃለች። ቀልድ እንዳልሆነ ግን ነግራት አታውቅም። የባሌ ፊት ጠፋብኝ ተብሎ ለማን ይነገራል?

አማቿ ጥርስ ሐኪም ነው። ቀን ሰው አፍ ላይ ሲያጎነብስ ውሎ፣ ቤት ሲገባ ደግሞ በዚያው መርፌና መሰርሰሪያ ብረት ላይ ያጎነብሳል። ሲጀምረው «የሰው ጥርስ አልበቃ ብሎት ለብረት ጥርስ ሊያወጣ ነው፤» እያለች ተሳልቃበታለች። ባቡሪቱ አልቃ ሳሎን የገባች ቀን ግን ዝም አለች። ልጇ ዝምታዋን አይታ ታመመች ብላ ግንባሯን ዳሰሰች።

ባሏ ይነዳት የነበረችው ያቺው ባቡር ናት፤ ወደ እናቷ ሆድ ተመልሳ የገባች ያህል አንሳ። ርዝመቷ ከአሮጊቷ ክንድ እምብዛም አያልፍም። ሆዷን ዙሪያውን የያዙት ብሎኖች ከሰሊጥ ፍሬ ያንሳሉ። መሰላሉ አለ፣ ደወሉ አለ፣ የከሰሉ አካፋ አለ፤ የነጂው መቀመጫ ቆዳ ለብሶ ጠርዙ ተሰፍቷል። የተሰፋበትን ክር አሮጊቷ በዓይኗ ሳይሆን በጥፍሯ ነው ያገኘችው። ከኋላ ባለው ጋሪ ላይ እውነተኛ የድንጋይ ከሰል ተፈርፍሮ ተቆልሏል። አማቿ በሲሪንጅ ውኃ ያጠጣታል፤ ከሆዷ ሥር በአልኮል የምትነድ ሰማያዊ እሳት ያበራል፤ ከዚያ ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ማንኮራፋት የመሰለ ነገር ይመጣል። ቆይቶ ትተነፍሳለች። ቆይቶ ደግሞ፣ ማንም ሳይነካት፣ መንገድ ትጀምራለች።

ሃዲዱ ሳሎኑን ይዞራል። በጠረጴዛው ሥር ያልፋል፣ ቁም ሣጥኑን ይታከካል፣ በአሮጊቷ መኝታ ቤት በር ገብቶ በአልጋዋ ሥር ሹልክ ብሎ ይወጣል። አማቿ ቤት በሚውልበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በመጋረጃው ስንጥቅ ስትገባ፣ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ባቡሪቱ ሄዳ እስክትመለስ ትጠብቃለች። መጀመሪያ ባቡሪቱ ትንሽ ናት። ጥቂት ከዞረች በኋላ ትንሽነቷ ይቀራል። እሷ ትደግ ወይስ አሮጊቷ ትነስ፣ ለይታ አታውቀውም። የወንበሮቹ እግሮች ደን ይሆናሉ። የምንጣፉ ዘርፍ ነፋስ የሚያስተኛው ሣር ይሆናል። አልጋው ሥር ያለው ጨለማ ዋሻ ነው፤ ባቡሪቱ ስትገባበት ድምጿ ይወፍራል፣ ስትወጣ ይቀጥናል። ከሃዲዱ ዳር የአሮጊቷ ነጠላ ጫማ እንደ ኮረብታ ተጋድሟል፤ ኮረብታው ላይ ራሷ አሮጊቷ፣ የስፌት መርፌ አክላ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጥላ አድርጋ መንገድ መንገዱን ታያለች።

ፊቱ የመጣው እንዲህ ባለ ከሰዓት ነው። ባቡሪቱ ከአልጋው ሥር ወጣች፣ በበሩ ታጠፈች፣ እንፋሎቷ ወደ ኋላ ተኛና የነጂውን መስኮት ሸፈነው። ሲገለጥ መስኮቱ ላይ ሰው ነበር። ክርኑን አውጥቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ እሷን ያያል። ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ ነው፤ ግን ፊት ነበረው፣ ፊቱም የራሱ ነበር። አሮጊቷ አልጮኸች፣ አላለቀሰች። «ቀስ በል፤» አለች ብቻ። አማቿ ለእሱ መስሎት እሳቱን ቀነሰ።

ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። እሷም እንደ ድሮዋ ትጠብቀዋለች።

የመጽሔቱ ሰው ሻዩን ጠጥቶ ከሄደ በኋላ አማቿ ሳሎን ውስጥ መቀመጥ አቃተው። «ተመልሶ ይመጣል፤ ፎቶ አንሺ ይዞ! ሽፋኑ ላይ ሊያወጣት ነው፣ እማዬ!»

ሽፋኑ ላይ! አሮጊቷ አንገቷን ወደ ባቡሪቱ አዞረች። ጭስ ማውጫዋ ላይ ጥላሸት ተጋግሯል። ከጎኗ የደረቀ ውኃ ነጭ መስመር እየሠራ ወርዷል። መንኮራኩሮቿን ዘይትና አቧራ ስላለበሳቸው የቀድሞ ቀለማቸው አይለይም፤ መሰላሉ ሥር ዝገት አለ። እስከ ዛሬ አላየችውም አይባልም። አይታ፣ የአማቴ ስንፍና ነው ብላ፣ ለእሱ አዝና አልፋዋለች። አሁን ግን አገር ምድሩ ሊያያት ነው። ባለቤት ናት ሲባል የሳቀ ሰው ሁሉ፣ ቆሻሻው ሲታይ የማን ቤት እንደሆነ ያኔ ትዝ ይለዋል። «የዚያች የአጣቢዋ አይደለች?» ሊሉ! በሕይወቷ ከእጇ ቆሽሾ የወጣ ነገር የለም፤ ከእንግዲህም አይወጣም።

በማግስቱ ልጇና አማቿ ሥራ ሲሄዱ ሳፋዋን አወጣች። አማቿ በየጊዜው የሚያመጣላት የጥርስ ብሩሽ አለ፤ ጥርሷ አልቆ ብሩሹ ነው የተረፈው። ከሁሉ ለስላሳውን መረጠች። ጨርቅ በላምባ ነከረች፣ ሳሙና ለብ ባለ ውኃ አሟሟች፣ ባቡሪቱን እንደ አራስ ልጅ ጉልበቷ ላይ አስተኛቻት። ማንጎራጎሯን ያወቀችው ዜማው ራሱ ጆሮዋ ሲገባ ነው። እጆቿ ታናናሽ ሆነው ነበር፤ በመሰላሉ መሐል፣ በመንኮራኩሮቹ ጀርባ፣ በደወሉ አፍ ውስጥ ይገባሉ። ውኃው ጠቆረ። ከጥቁሩ ሥር ጥልቅ አረንጓዴ ወጣ፣ ከዝገቱ ሥር ቀይ ወጣ፣ ናሱ እንደ ማር አበራ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

አንድ ነገር ብቻ ገረማት። ጥላሸቱ አይሸትም። እሷ የምታውቀው ጥላሸት ሳፋ ውስጥ ሲገባ ቤቱን የሚሞላ ሽታ አለው። ጨርቁን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ማገችው፤ ላምባ እንጂ ሌላ የለም። እጇ ግን አንዴ ሥራ ከጀመረ እሷንም አይሰማትም።

አማቿ ሲገባ ባቡሪቱ ሃዲዷ ላይ ቆማ ታበራለች። ቦርሳውን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ኮቱን ሳያወልቅ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«እማዬ!» አለች ልጇ ከኋላው ደርሳ። «ምን አደረግሻት?»

«አጠብኳታ! ሌላ ምን አደርጋታለሁ?»

«ቀለም እኮ ነው! ጥላሸቱ ቀለም ነው፣ ዝገቱም ቀለም ነው! በቀጭን ብሩሽ፣ ጠብታ በጠብታ ነው የቀባው። ብረቱን ሲሠራ እንዲህ አልደከመም። ሰውዬው ግሩም ነው ሲል የነበረው ምኑን መሰለሽ? እሱን እኮ ነው!»

አሮጊቷ አንዴ ልጇን፣ አንዴ አማቿን አየች። ሁለት የታወቁ ዕብዶች ቤቷ የገቡ መሰላት።

«ቆሻሻ በብሩሽ?» አለች። «ዕድሜ ልኬን ከጥላሸት ጋር ተናንቄ ተናንቄ፣ አሁን ቤቴ ድረስ ቀብታችሁ ታመጡልኛላችሁ? ደግሞስ ማን ነገረኝ? ያ ሰውዬ ነገረኝ? አንቺ ነገርሽኝ? ያ ሁሉ ሲወራ እኔ ጓዳ ሻይ አፈላ ነበር!»

«ግድ የለም፣ እማዬ፤» አለ አማቿ። አነጋገሩ ጥርሱን የተነቀለ ሰው ዓይነት ነበር። «በጣም… በጣም ጸድታለች።»

ይሄ ነው ያቃጠላት። «ተቆጣኝ እንጂ! ጥርስ ስትነቅልም እንዲህ ነው የምትለሳለሰው?»

«ስነቅልማ ይብስብኛል፣ እማዬ።»

ልጇ ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። አሮጊቷ አልሳቀችም። ይቅርታም አላለች። የጸዳ ነገር አጸዳሁ ብሎ ይቅርታ እንዴት ይባላል?

ቅጣቱ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። አማቿ ባቡሪቱን አሙቆ ለቀቃት። ዞረች፣ ከአልጋው ሥር ወጣች፣ በበሩ ታጠፈች። እንፋሎቷ የነጂውን መስኮት ሸፈነ፣ ገለጠ። መስኮቱ ንጹሕ ነው፤ ውስጡም ንጹሕ ባዶ። ሌላ ቀንም እንዲሁ። ሌላም ቀን። «ውኃ አንሷታል፤» ትለዋለች፣ ውኃ ይጨምራል። «እሳቱ ሰንፏል፤» ትለዋለች፣ እሳቱን ያነሣል። ባቡሪቱ ሳትሰንፍ ትዞራለች፤ ክፍሉ ግን ማደጉን ተወ። የወንበር እግር የወንበር እግር ሆነ፣ ነጠላ ጫማ ነጠላ ጫማ ሆነ። አሮጊቷ በቁመቷ ልክ፣ በዕድሜዋ ልክ ዱካው ላይ ቀረች። የምትጠብቀውን ለማንም ስላልነገረች ቀረብኝ የምትለው ሰውም አጣች።

ታዲያ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እዚያው ዱካዋ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት።

በሕልሟ የባቡር መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማለች። የልብስ ማስጫው ሽቦ ከሃዲዱ ጎን ለጎን ዓይን እስከሚደርስበት ተዘርግቷል፤ ሰማያዊ ቱታዎች ነፋስ ሞልቷቸው፣ እጅና እግር አውጥተው ይወዛወዛሉ። ባቡሪቱ መጣች። ድምፅ የላትም፣ ጭስ የላትም፤ እንደ ታጠበ ማንኪያ ታበራለች። ከላይዋ አንድ ሰው ወረደ። ከረባት አስሯል። ጸጉሩ ተልሷል። እየሳቀ ወደ እሷ መጣ።

«ማንን ፈልገህ ነው?» አለችው።

«አንቺን ነዋ።»

«አላውቅህም። ባሌ አሁን ይደርሳል፤ መንገዱን ልቀቅለት።»

«እኔ ነኝ እኮ።»

«እሱ ከሆንክ ፊትህን የት አደረግከው?»

ሰውዬው ኪሱ ውስጥ ቁልፍ እንዳጣ ሰው ፊቱን በመዳፉ ዳበሰ፣ ዳበሰና፣ አፍሮ ቆመ። ሰማያዊዎቹ ቱታዎች ባዶ እጅጌያቸውን እያውለበለቡ ቀስ ብለው ያሰናብቱት ጀመር።

ስትነቃ የፀሐይዋ ጭረት ከምንጣፉ ወደ ግድግዳው ወጥታ ነበር። አሮጊቷ አልተነቃነቀችም፤ ብትነቃነቅ የያዘችው ነገር የሚፈስባት መስሏት።

ደጃፍ ላይ ቆማ የጠበቀችው ፊት ታጥቦ አያውቅም! ጥላሸት የጠጣ ግንባር፣ በጥቁሩ መሐል መነጽሩ ያረፈበት ሁለት ንጹሕ ክብ፣ ከሩቅ ሲያያት ብልጭ የሚል ጥርስ፤ እሷ ባሌ ብላ የምታውቀው ይህን ነው። እሱ ሊታጠብ ሲገባ እሷ ቱታውን ተቀብላው ጀርባዋን ሰጥታ ሳፋዋ ላይ ናት። ታጥቦ ሲወጣ ቤቱ ጨልሟል፣ እራት አለ፣ ልጅ ታለቅሳለች። ማን ቁጭ ብሎ ያየዋል? ይህን ሁሉ ዘመን ዓይኗን ጨፍና ስትፈልግ የኖረችው የታጠበውን ነው። ያልነበረ ሰው ፈልጋ ያጣችው!

በእረፍት ቀን የመጽሔቱ ሰው ፎቶ አንሺውን አስከትሎ መጣ። ባቡሪቱን አየ፣ ወደ አማቿ ዞረ፣ እንደገና ባቡሪቱን አየ።

«ሌላ ሠሩ እንዴ? ያቺኛዋስ?»

«አይ፣ ያቺው ናት፤» አለ አማቿ። «እኔ ነኝ… ትንሽ ላጽዳት ብዬ አበላሸኋት።»

«አትዋሽ!» አለች አሮጊቷ። «እኔ ነኝ ያጠብኳት፤ በላምባና በሳሙና። አልተበላሸችም፤ ጸዳች እንጂ። ና ቅረብ፣ አንተ ሰውዬ፤ እንዲህ የጸዳ ብረት አይተህ ታውቃለህ?»

ሰውዬው ቀረበ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አናቷ ላይ ሳይሆን ፊቷ ላይ አሳረፈ።

«ለምን፣ እማማ?»

«ለእንግዳ ነዋ! ለአንተ! የባለቤቷን ነገር ትፈልግ አልነበር? ጻፍ። ስትመጣ ቆሽሻ መጣች፣ አጠብኳት። ከታጠበች ወዲህ ግን ሰው አይመጣባትም። ሌላው የቤተሰብ ነገር ነው፤ አይጻፍም።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ አየች። ማንበብ ባትችልም መጻፉን አየች፤ ይበቃታል። ከዚያ ወደ አማቿ ዞረች።

«ለምንድን ነው ነጂ ያላስቀመጥክባት?»

አማቿ አንገቱን ደፋ። «ሞክሬ ነበር፣ እማዬ። ፎቷቸውን እያየሁ ሠራሁ፤ ሳስቀምጠው የቆመ እንግዳ ሆነብኝ። በሕይወት አላገኘኋቸውም፤ ተሳስቼ ብሠራው እርስዎ ምን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ደግ ፈራህ። ያን የባንክ ጸሐፊ አስቀምጠህብኝ ቢሆን ኖሮ በመስኮት ነበር የምወረውረው።» ዱካዋን እየጎተተች ወደ ሥራ ጠረጴዛው ተጠጋች። «ፎቶውን ተወው፣ እኔ እነግርሃለሁ። በል ቀለምህን አምጣ፣ ያቺን የሰው አፍ የምታይባትን መብራትህንም አብራ። ባቡሪቱን ኋላ እንደ ፈለግህ ታቆሽሻታለህ፤ መጀመሪያ ሰውዬውን ሥራልኝ። ቱታው ሰማያዊ ይሁን፤ እሱን አጥቤዋለሁ። ፊቱን ግን አጥቁረው፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አንገቱን እስከ ኮሌታው። ዓይኑ ዙሪያ ስትደርስ አቁም፤ ያን ክብ እንዳታስነካብኝ። ጥርሱን አንተ ታውቅበታለህ፤ ይታይ። ከዚያ ክርኑን በመስኮቱ አውጣልኝና ፊቱን አዙረው። ነጂ የሚያየው ወደ ፊት ነው እንዳትለኝ፤ አውቃለሁ። ወደዚህ፣ ወደ እኔ አዙረው።»